ጉርሙ የጻፋቸው ወረቀቶች

ጉርሙ በ2005 ሲቀበር የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጌዶ አጠገብ መወለዱን፣ ከስድስተኛ ክፍል ማቋረጡን፣ በኋላ በተዘጋው የአምቦ ማሠልጠኛችን ግምጃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ማገልገሉን አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ዘለልኩ፤ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

ማሠልጠኛው «ሙዚየም» የምንላት አንዲት ክፍል ነበረችው። በውስጧም ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የበቀሉ ዛፎች ቅጠል የታተመባቸው ድንጋዮች ነበሩ። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ገደል ለገደል እየዞረ ሲቆፍር ጉርሙ አብሮት ይሄድ ነበር። እያንዳንዱን ድንጋይ በጋዜጣ ይጠቀልልና በእርሳስ የጻፈባትን ወረቀት ይወሽቅበታል።

በ1985 የንብረት ቆጠራ መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ፤ ዲግሪ አለኝ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ድንጋዩ ሁሉ ተጠርጎ በቀይ ቀለም ቁጥር እንዲጻፍበት አዘዝኩ።

«ወረቀቱስ፣ መምህር?» አለ ጉርሙ።

አንዷን አንሥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ከሌታ እርሻ ግርጌ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ከነጩ አፈር ሦስት ክንድ ከፍ ብሎ።»

«ይኼ ሳይንስ ነው ወይስ የድንበር ክርክር?» አልኩ። ኮሚቴው ሳቀ። ጉርሙም አብሮን ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን ከእኛ ቀድሞ አለቀ።

«ቁጥሩ እኮ ከየት እንደመጣ አይናገርም።»

«ኦቦ ጉርሙ፣ ቁጥር ያለው ዕቃ አይጠፋም!»

ወረቀቶቹ ከነጋዜጣቸው ጓሮ ተቃጠሉ። ክብሪቱን የጫረው እሱ ነው፣ ታዝዞ።

በ2002 ናኦሚ የምትባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጣች። ሥራዋ በየቦታው የተረሱ የድንጋይ ቅጠሎችን እንደገና መመርመር ነው። አንዱን ድንጋይ በአጉሊ መነጽር ስታይ ቆይታ፣ «ይህችን ቅጠል በየትኛውም ክምችት አላየኋትም። ከየት ወጣች?» አለችኝ።

«ቁጥር አርባ ሰባት ናት።»

«ቁጥሩንማ አየሁት። ከየትኛው አፈር እንደወጣች ካላወቅን ዕድሜዋን አናውቅም። እንዲህማ የመስኮት ጌጥ ናት።»

ድንጋዩን ይዘን በሚኒባስ ጊንጪ ሄድን። ጉርሙ ጡረታ ወጥቶ ከልጁ ከመቲ ጋር ይኖር ነበር። ድንጋዩን እያገላበጠ ብዙ ቆየ።

«የሌታ እርሻ ይመስለኛል።»

ናኦሚ ብዕሯን አወጣች። «እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛውስ ወረቀቱ ነበር፣ ልጄ። ‹ይመስለኛል›ን አትጻፊ።»

«ወረቀቱ ምን ሆነ?»

ጉርሙ ወደ እኔ ሳያይ፣ «አይጥ በላው» አለ። «ግምጃ ቤቱ በእጄ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። በሐሰት መሐላ እንዳይነካካ ብሎ ለወንድሙ እንኳ ፍርድ ቤት ቀርቦ አልመሰከረም። ናኦሚ ደብተሯ ላይ «በግምጃ ቤት ጠባቂው ቸልተኝነት የጠፋ» ብላ ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ዝም አልኩ።

ሲሸኘን ወደ ኋላ ቀርቼ «ለምን?» አልኩት።

«ዺሲ፣ ተወው። እርስዎ ገና ያስተምራሉ። የተሳቀበትን መምህር ማን ያምነዋል?»

አምቦ ሳንደርስ እነግራታለሁ እያልኩ አምቦ ደረስን። ጨብጣኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ፣ ነገ አልኩ። አላዋቂነት ምሕረት ያገኝ ይሆናል፤ አውቆ ዝም ማለት ግን በየቀኑ እንደ አዲስ የሚሠራ ጥፋት ነው። ጉርሙ እስኪሞት በየቀኑ ሠራሁት። ጭራሽ በመቃብሩ ላይ ቆሜ «በታማኝነት አገልግሏል» ብዬ አነበብኩ፣ በደብተሯ ሌላ ተጽፎ እያለ።

ከቀብሩ በኋላ በደብተሯ ቁጥር አርባ ሰባት ሥር እንድታኖራት ለናኦሚ ወረቀት ላክሁላት። እሱ እንደሚጽፈው ነው የጻፍኩት፦ «በ1985፣ አምቦ፣ ከግምጃ ቤቱ ጓሮ፣ ከአጥሩ አምስት ክንድ ወደ ውስጥ፣ ወረቀቱ በእኔ ትእዛዝ ተቃጠለ። ጉርሙ ተቃውሞ ነበር።»

አንድ ቅጂ ለመቲ ሰጠኋት። አነበበች፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።