ለሌንሳ ቁጢጥ ያለችው ቄብ

ዛሬ ጠዋት ሱሉልታ፣ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ልብስ ሳሰጣ፣ የአከራዬ ቄብ ዶሮ መጥታ እግሬ ስር ቁጢጥ አለችና ክንፏን ከጎኗ ፈልቀቅ አድርጋ ጀርባዋን ለጥ አደረገችልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ታማለች ብሎ ባለቤቷን ይጠራ ነበር፤ እኔ ግን እርጥብ ቀሚሴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ በዚህች አቀማመጥ የተነሳ ጓደኛ አጥቻለሁና።

ቡራዩ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን። መንገድ ላይ ጎማ ሲቃጠል እናቶቻችን ከግቢ እንዳንወጣ ስለከለከሉን፣ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሌንሳ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ እየሾለክን ከእኛ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እኛ ስንመላለስ እንውላለን። አንዲት ቀይ ቄብ ነበረችኝ፤ ከጫጩትነቷ ጀምሮ አልጋዬ ስር በካርቶን ያሳደግኳት፣ ጭልፊት ያባረርኩላት፣ ከራሴ ሳህን ያበላኋት። ታዲያ ይቺ ውለታ ቢስ እኔን ስታይ እግሬ አውጪኝ ትላለች፤ ሌንሳ እጇን ስታሳርፍባት ግን ቁጢጥ ትልና፣ ጀርባዋን ስትታሽ ቆይታ፣ ተነስታ ላባዋን አራግፋ እንደ ሙሽራ ትንጎራደዳለች።

ቀናሁ። መቼም ቅናቴ በዶሮዋ ብቻ አልነበረም፤ ሌንሳ በሁለት ቋንቋ ትቀልዳለች፣ ሒሳብ ትችላለች፣ የገዛ እናቴ ሳትቀር «እንደ ሌንሳ ረጋ ብትዪ ምን አለበት» ትለኛለች።

«መስተፋቅር አቅምሰሻት ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ስትመጪ እኮ ጭልፊት ነው የምትመስዪያት» ብላ ሳቀችብኝ።

እናቷ አዴ ጫልቱ ስንጨቃጨቅ ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ጎመን እየቀነጠሱ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወዳት መሰለሽ?» አሉኝ። «እንቁላል ደርሶባታል። አውራ በሌለበት ግቢ በእርጋታ የነካት ሁሉ አውራዋ ነው። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ ላፍ ነው የምታደርጊያት።» ስቄ ማለፍ ነበረብኝ። ጆሮዬ የያዘው ግን ያችን «በእርጋታ» ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያ እንቁላሏን ጣለች፤ እሱንም በእነ ሌንሳ የእንጨት ክምር ስር። ሌንሳ መዳፏ ላይ አድርጋ፣ በቀዳዳው ሾልካ፣ «ወለደች! ወለደች!» እያለች ስትመጣ፣ «መሬቱም የእኛ ነው፣ እንቁላሉም የእኛ ነው በሉ እንግዲህ!» አልኳት።

ትልልቅ ሰዎች ቤታችን ተቀምጠው ሲያሙ የሰማሁትን ነው የለጠፍኩባት፤ ያውም ታላቅ ወንድሟ ከቤት እንደወጣ ባልተመለሰበት ሳምንት። እንቁላሉን ገና እንደሞቀ እጄ ላይ አድርጋ ሄደች። በማግስቱ ቀዳዳው በቆርቆሮ ተደፍኖ አገኘሁት።

ወንድሟ በኋላ ተመለሰ፣ ትምህርት ቤትም ተከፈተ፣ ዶሮዋም ለምዳኝ ለእኔ ቁጢጥ ማለት ጀመረች፤ ጀርባዋን እየዳበስኩ ግን ዓይኔ አጥሩ ላይ ነበር፣ ሌንሳ እንድታይልኝ።

ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር። ቦኖ ውሃ ጋ ስንገናኝ በጠራ አማርኛ «እንደምን አደርሽ» ትለኝ ጀመር፣ እንደ ባዳ። በፊት እኮ «አካም ቡልቴ» ነበር የምትለኝ፤ እኔም በኦሮምኛ ልመልስ ስል አፌ ሲተሳሰርብኝ በሳቅ ትፈርሳለች።

ቆይቶ የእነ ሌንሳ ቤተሰብ ጫንጮ ገባ። ከዚህ ከሱሉልታ በታክሲ ቅርብ ነው፤ አንድም ቀን አልሄድኩም። እዚያ ሌንሳ በየማለዳው በአጥር በኩል «አካም ቡልቴ» የምትላት ጎረቤት መኖሯ አይቀርም። ማን እንደሆነች አላውቅም። እቀናባታለሁ።