እናቴ በራሷ ጆሮ የሰማችው ዜና

የባትሪ ድንጋዩ ሊያልቅ የተቃረበ ሬዲዮ ድምፁ እየሰለለ ሲሄድ የሚያሰማው ሲርታ አለ፤ ሰሞኑን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ሰምቼው እግሬ ተገታ፣ አሰላ ያለው ቤታችንም ከነሰዎቹ ፊቴ መጣ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ተወልዶ ያደገው አሰላ ቢሆንም ከገበያ ኦሮምኛ አላለፈም፤ ሰላምታ ሰጥቶ ዋጋ ከጠየቀ በኋላ ወደ እናቴ ዞር ይል ነበር። እናቴ ጫልቱ እዚያው አርሲ ያለችው የኦጎልቾ ልጅ ናት፤ አማርኛ ብትችልም ቁም ነገር በኦሮምኛ ካልተነገራት ከልቧ አይደርስም ነበር። አባቴ ግን ወደ ማምሻው የአማርኛውን ዜና ሰምቶ ሲያበቃ፣ የኦሮምኛው ሊጀምር ሲል ሬዲዮውን ይዘጋና «ያው ነው፣ እኔ እነግርሻለሁ፤ ድንጋዩ ያልቃል» ይላት ነበር። የሚነግራትም ሁለት ቃል ነበር፤ «ሁሉም ደህና።»

ታላቅ ወንድሜ ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ሁለት ቃል አልበቃትም። በጋውን ሙሉ የደከሙትን ድንጋዮች ፀሐይ ላይ እያሰጣች፣ ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘሩ ነበርና፣ «ይኸው አሙቄልሃለሁ፣ የግርማ አባት፤ ልጄ ያለበትን አገር በራሴ ጆሮ ልስማ» ትለው ነበር። እሱ ይሰማትና ይዘጋዋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዚህ ነገር ለምን እንደሚጨክን ስለማይገባኝ በልቤ እቀየመው ነበር።

ክረምቱ ገባ። ከበቆጂ በኩል የሚመጣው ጉም ከተማውን ሸፍኖት ሰነበተ፣ ፀሐይ ጠፋ፣ ሱቅ ውስጥም አዲስ ድንጋይ አልነበረም። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አባቴ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ቢያዳምጥ፣ የአማርኛው ዜና አንድም ቃል ሳይሰማው አለፈ። ዝናቡ ያባራው የኦሮምኛው ሲጀምር ነው። እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየና ሳይዘጋው ቀረ፤ እናቴም ቀርባ ተቀመጠች።

ዜናው ወንድሜ ስለነበረበት ግንባር ነበር። እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት የተማርኩት ቋንቋ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ፤ ውጊያው እንደከፋ፣ ሠራዊቱም ከባድ መሥዋዕትነት እየከፈለ እንደሆነ ተነበበ።

ሲያበቃ አባቴ «ምን አለ?» አላት። እናቴን ዜና ሲጠይቃት ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው።

«ነጋ ነው» አለችው፣ በቋንቋዋ ሰላም ነው ማለቷ ነው፤ «ደህና ናቸው አለ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ያመናት አይመስለኝም። በጋውን ሙሉ ሬዲዮውን ሲዘጋባት የከረመው ከክፉ ወሬ ሊሸሽጋት እንጂ ለድንጋዩ ሳስቶ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው፣ እንደዚያ ስቀየመው በመክረሜም አፈርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ የኦሮምኛው ዜና ቤታችን ውስጥ ተዘግቶ አያውቅም።

ዛሬ አባቴ የለም። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ በኦሮምኛ ዜና ያነባል፣ የሚዘጋባትም ሰው የለም። እናቴ አርጅታለች፤ ዜናው ከጀመረ ግን እስከ መጨረሻው ሳትሰማ ከመቀመጫዋ አትነሳም። የሚያያት ሰው ቋንቋዋን ወድዳ ይመስለዋል፤ ይህም አንድ ምክንያት ነው። ግርማ ግን አልተመለሰም፣ ስሙም ያኔም ሆነ ዛሬ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ተነቦ አያውቅም።