የኦቦ ቶላ አደራ

«የተበደለው ነው እንዴ መጨረሻ ላይ የሚናገረው?»

ዛሬ ጠዋት ከሱሉልታ ጫንጮ ድረስ ሄጄ ኦቦ ቶላ እንዲህ ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ።

ኦቦ ቶላ የአባቴ ጎረቤት ናቸው፤ ገበሬ ናቸው። በሰፈሩ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ያለ ወቅቱ የጣለው ዝናብ የታጨደ ገብሳቸውን ሜዳ ላይ አበስብሶባቸዋል።

እኔ ደግሞ መሥሪያ ቤቴ ልኮኝ ከዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ድርድር የተመለስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ስሄድ ኦቦ ቶላ «የእኛንም ነገር ንገሪልን» ብለውኝ ነበር። በወረቀት ጽፌ ይዤው ሄድኩ።

የአገራችን ተራ ሲደርስ አየሩን የበከሉት ትልልቆቹ አገሮች ተናግረው ወጥተዋል። የተሰጠን ሦስት ደቂቃ ነው። ገና ገብሱ ላይ ስደርስ ማይኩ ተዘጋ። (ወንበር የሚሰበስቡት ሠራተኞች ግን በደንብ ሰምተውኛል፤ እግዜር ይስጣቸው።)

ይህን ስነግራቸው ነው ኦቦ ቶላ ያን የጠየቁኝ። እሳቸው ሲያስታርቁ መጀመሪያ የሚናገረው የተበደለው ነው። በዳይ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ተበዳዩ እስኪጨርስ ማንም አይነሳም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ከዚያ ቤተሰቡን ጠርተው አስቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«በይ ልጄ፣ ያቋረጡሽን እዚህ ጨርሺው።»

ስለ ገብሳቸው የጻፍኩትን ለራሳቸው አነበብኩላቸው። እስክጨርስ ማንም አልተነሳም።

እናንተስ፣ አደራ ተቀብላችሁ ሳታደርሱ የተመለሳችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ። እኔ እስከ መጨረሻው አነባለሁ።