አባቴ ሳይሞላ የሚተወው አበባ

በችኮላ ነው የምጽፈው። ሳዑዲ፣ ኹበር ከተማ ውስጥ ካለ የፋሽን ትርኢት ጀርባ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ በር ቆልፌ ተቀምጫለሁ።

አባቴ ሸማኔ ነው። ጥለት ሲሠራ ከአበቦቹ አንዱን ሳይሞላ ይተወዋል። ከአያቱ የወረሰው ወግ ነው፤ «የለባሿ ድርሻ» ይለዋል።

እኔም በእሱ ጥለት ቀሚሶች ሰፋሁ። በኮምፒውተር ደግሞ በስልክ ካሜራ ሲያዩ ብቻ ሰው ላይ የሚታዩ ዲጂታል ቀሚሶች ሠራሁ። በሁሉም ላይ አንዱን አበባ ባዶ ተውኩት።

ዛሬ የምሰፋላት አሠሪዬ፣ ማዳም፣ ሁሉንም «የእኔ ሥራ ነው» ብላ አቀረበች። እኔ የቀሚሶቹን ጫፍ ማስተካከሌን ቀጠልኩ። ካፊሌ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ በእጇ ያለው፣ እሷ ናት፤ እዚህ ጀግንነትም የካፊል ፈቃድ ይፈልጋል።

አንዲት እንግዳ ግን ስለ ባዶው አበባ ጠየቀች።

«የሰፊዋ ስህተት ነው፤ እናስተካክለዋለን» አለቻት ማዳም።

«ስህተት አይደለም! የአባቴ ቤት ወግ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እንግዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ማዳም ፈገግታዋ ሳይጠፋ ጠጋ አለችኝና፣ «ኸላስ፣ በቃ! ዛሬውኑ ሙዪው፤ አለዚያ ሁሩብ አደርግሻለሁ» አለችኝ። ከሥራ ጠፍታለች ብላ ለመንግሥት ልታስመዘግበኝ ነው፤ ያ ደግሞ እስርና መባረር ነው።

ሮጬ እዚህ ገብቼ ቆለፍኩ፤ አሁን በሩን እየደበደበች ነው። ፈርቻለሁ፣ በጣም። አበባውን ግን አልሞላውም።

እህቶቼ፣ ሥራችሁን ቀምተው በሁሩብ ያስፈራሯችሁ አላችሁ? ምን አደረጋችሁ? በሩን ከመክፈቴ በፊት ጻፉልኝ።