ጫማ የተሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር የገብስ አቧራ ይሸታል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ከሁለቱ በላይ ግን ሌላ ከበድ ያለ ጠረን ነበረ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ "መጥፎ ጠረን ያለው ቁስል" እያልሁ በማመልከቻ ላይ ስጽፈው የኖርሁት ነገር ነው። በአፍንጫዬ ሳገኘው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

አሥር ያህል ሰዎች በግራ በኩል ግድግዳ ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ቀኙ ወገን ለአንድ ሽማግሌ ብቻ ተለቅቋል። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ዘርግተዋል። እኔና አብሮኝ የተያዘው የሚኒባስ ሾፌር በሩ ላይ ቆመን የት እንደምንቀመጥ ግራ ገባን። ሾፌሩ ወደ ብዙኃኑ ሄደ። እኔም ተከተልሁት።

ሥራዬ በዩኒቨርሲቲ የምርምር ድጋፍ ነው። የሕክምና ተመራማሪዎች ገንዘብ ሲፈልጉ ማመልከቻቸውን አስተካክላለሁ። ወርክሾፕ ሲኖር አዳራሽ እይዛለሁ፣ ፕሮጀክተር አስነሣለሁ፣ የእንግዶችን ሻይ አዛለሁ። መብራት ሲጠፋ የደም ናሙናው እንዳይበላሽ የጀነሬተሩን ሠራተኛ ፍለጋ በባጃጅ እንጅባራን እዞራለሁ። ዶክተሮቹ "ያለ አንተ ምን ይውጠን ነበር" ይሉኛል። ጥናቱ ሲታተም ስሜ በመጨረሻው ገጽ ምስጋና ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴም የአባቴ ስም ተሳስቶ።

በዚያ ሰሞን በውጊያው ምክንያት እንጅባራ ኔትወርክ ተቋርጦ ከርሟል። የዝሆኔ ጥናታችን ማመልከቻ ደግሞ በኢንተርኔት የሚላክበት የመጨረሻ ሳምንት ነበር። ዝሆኔ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረን ገበሬ እግሩን የሚያሳብጥ በሽታ ነው። ለሦስት ዓመት ሳሙናውም፣ ጫማውም፣ ምርመራውም የሚቀጥለው ያ ማመልከቻ ከተላከ ብቻ ነበር። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ለሥልጠና ውጭ አገር ናት። ስለዚህ ላፕቶፔን ይዤ ኔትወርክ አለ ወደተባለበት ወደ ባሕር ዳር ተሳፈርሁ። ከዳንግላ ስንወጣ ኬላ ላይ አስቆሙን።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ዝርዝር ነበረ። እሱን መያዜ የራሴ ጥፋት ነው። ላፕቶፑ ውስጥ አለልኝ፤ ገንዘብ ሰጪዎቹም የታተመ ወረቀት አልጠየቁም። እኛ ግን ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት የማይመስለን ሰዎች ነን። አትሜ፣ በየገጹ ክብ ማህተም አስመትቼ፣ አጣጥፌ ይዤው ነበር። ቁጥር፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ የእግር ልክ ይላል፤ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ደግሞ "ጫማ ተሰጥቷል"። ስም የለውም። ስም አለመኖሩ ለእኛ ደንብ ነው። በዚያ ሰሞን ኬላ ላይ ለቆመ ሰው ግን በየቀበሌው የተበተኑ፣ ስማቸው የተደበቀ፣ በማህተም ጫማ የታደላቸው ወንዶች ምን እንደሚመስሉት አሁን ሳስበው ብዙም አልፈርድበትም። ሌሎቹን ተሳፋሪዎች በሌላ መኪና ሸኝተው እኔንና ሾፌሩን አስቀሩን።

ጠያቂው ሳል የያዘው፣ እንቅልፍ የራቀው ሰው ነበር። አልጮኸብኝም።

"እነዚህ ቁጥሮች እነማን ናቸው?"

"ሕመምተኞች ናቸው።"

"ሕመምተኛ ስም የለውም?"

"አለው። ስሙና ቁጥሩ ግን አንድ ላይ አይቀመጥም። አሠራራችን ነው።"

"ስሙ የት ነው ያለው?"

 ስሙ ያለው ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ዶክተሯ ከመሄዷ በፊት ስምና ቁጥር የሚያገናኘውን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላ ከደም ናሙናዎቹ ሥር አስቀምጣዋለች። ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ደግሞም ብዙዎቹን ስሞች በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

"ሕመምተኞች ከሆኑ ስማቸውን ስጠን፤ ሄደን እናያቸዋለን" አለኝ። "እስከ አሥር ሰዓት አስብበት። ያለዚያ ሁለታችሁም ነገ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳላችሁ። እዚያ እንደኔ ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

"ሄደን እናያቸዋለን" የምትለዋን ነው መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጬ የማላምጠው። በዚያ ጊዜ ሄደው ያዩት ሰው በመታየት ብቻ አይተርፍም ነበር።

ሾፌሩ አጠገቤ ተቀምጦ ጥርሱን ነከሰ። "ላንተ ወረቀት ብዬ ልሙት?" አለኝ። "ንገራቸውና እንሂድ። ልጆች አሉኝ።"

 እውነቱን ነው።

ሽማግሌው ከማዶ ሲመለከቱኝ ቆይተው "አንተ" አሉኝ። "ወረቀት ያነበብህልኝ አይደለህም?"

መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ጥርባ አጠገብ ካለ መንደር መሆናቸውን ሲነግሩኝ ትዝ አለኝ። የስምምነቱን ቅጽ ለገበሬዎቹ የሚያነብልን ሠራተኛ ሠርግ ሄዶ ስለነበር አንድ ቀን እኔ ተተክቼ አንብቤያለሁ። ፕሮጀክተር ከማስነሣት ይሻላል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ አንድ ጊዜ አስደግመውኝ፣ ጣታቸውን አሳርፈዋል።

ተነሥቼ ወደ እሳቸው ሄድሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለገበያ ዳንግላ መጥተው ከጋሪ ሲወርዱ እንደተያዙ፣ አራት ቀን እንደሆናቸው ነገሩኝ።

"ጫካ ገብቷል ብለው ልጄን ይፈልጉታል። ስሜን ካወቁ እሱን አምጣ ማለታቸው ነው። መታወቂያ አልያዝሁም። የክርስትና ስሜን ሰጠኋቸው፤ ቀበሌዬንም ሌላ አልሁ።" ፈገግ አሉ። "የክርስትና ስሜም ስሜ ነው። አልዋሸሁም።"

እኔም ስለ ዝርዝሩ ነገርኋቸው። እሳቸውም ከዚያ ውስጥ እንዳሉ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደኔ ጠጋ አሉ። "ያን ጊዜ 'ስምዎን ለማንም አሳልፈን አንሰጥም' ብለህ አነበብህ። ለእነዚህም ነው?"

"ለማንም ይላል፣ አባቴ።"

"እሱ ይላል። አንተስ?"

 ዓይኔን ከፊታቸው ሳነሣ እግራቸው ላይ አረፈ። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል፤ አራት ቀን ውሃ አላየም። "ዕለታዊ የእግር እጥበት፣ ውሃና ሳሙና፣ በጣቶች መሐል በሚገባ ማድረቅ" የምትለውን አንቀጽ ስንት ማመልከቻ ላይ ገልብጫታለሁ። በገዛ እጄ አንድ እግር አጥቤ አላውቅም። አፈርሁ።

ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይሰጥ ነበር። የኔን አነሣሁ።

"እግርዎን ልጠብልዎ።"

"በምትጠጣው? ተው እባክህ።"

"ጠጥቻለሁ" ብዬ ዋሸሁ።

"ካልህማ እንደ ወጉ አድርገው። መጀመሪያ ወረቀቱን አንብብልኝ።"

እየቀለዱብኝ ነው። እኔ ግን ያን ቅጽ ስንት ጊዜ አርሜው፣ ስንት ጊዜ ተመልሶልኝ እንደገና ጽፌው በቃሌ ይዤዋለሁ። ጨርቁን እያራስሁ አነበነብሁላቸው፤ "ተሳትፎዎ በሙሉ ፈቃደኝነት ነው። ምክንያት ሳይጠየቁ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ። በማቋረጥዎም የሚያገኙት አገልግሎት አይጓደልብዎትም።"

"እስቲ ለነዚህ ውጭ ለቆሙትም አንብብላቸው" አለ ሾፌሩ ከማዶ። "እኔ አሁኑኑ ማቋረጥ እፈልጋለሁ።"

መጋዘኑ ሙሉ ሰው ሳቀ። ከገባን ወዲህ የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሾፌሩ ራሱ መጣና ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለች የሳሙና ቁራጭ አውጥቶ ሳይናገር አጠገቤ አስቀመጠ። ከዚያ ሌላ ሰው ከጠርሙሱ ግማሹን ጨመረልን። ቀስ ብዬ አጠብሁ። እንዴት እንደሚያማቸው ከፊታቸው ለማየት ብሞክርም ምንም አያሳዩም፤ ከጎናቸው ከመጣ እስረኛ ጋር በአዊኛ እያወጉ እግሩን ለኔ ትተውልኛል። በጣቶቻቸው መሐል በሸሚዜ ጫፍ አደረቅሁ። አንቀጹ እንደሚለው።

አሥር ሰዓት ላይ ተጠራሁ።

ወደ ጠያቂው ክፍል ስሄድ ያሰብሁትን ልናገር። ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጥናቱ ሳያልቅ ሞተዋል። የሁለቱን ስም ብሰጥ ማንም አይጎዳም፣ ጠያቂውም ለጊዜው ዝም ይላል እያልሁ ነበር። ደግሞም ሁለት ስም የሰጠ ሰው ሦስተኛውን እንደሚጠየቅ የማላውቅ ሞኝ አልነበርሁም።  የሾፌሩ "ልጆች አሉኝ" ጆሮዬ ላይ ነው።

"እህ?" አለ ጠያቂው። ዝርዝሩን ከፊቱ ዘርግቶታል።

አፌን ከፈትሁ። ያን ጊዜ ከመጋዘኑ በኩል በሩ በኃይል ተደበደበ። ጠባቂው ሄዶ ተመለሰና ሽማግሌው ስለ ወረቀቱ የምናገረው አለኝ እንዳሉ ነገረው።

ግድግዳ ይዘው እያነከሱ ገቡ። አንዱን ጫማ በእጃቸው ይዘውታል፤ እኛ የሰጠናቸው፣ ላበጠ እግር ተብሎ በልክ የተሰፋ ሰፊ ጫማ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዝርዝሩ አጠገብ አስቀመጡት። ከሸሚዛቸው ኪስ ደግሞ ጥናቱ የሰጣቸውን በፕላስቲክ የተለበጠች የቁጥር ካርድ አወጡና ከጎኑ አኖሩ።

"ከቁጥሮቹ አንዱ እኔ ነኝ" አሉ። "ጫማ የሰጡኝ ለዚህ ነው።" የሱሪያቸውን እግር ሰበሰቡ።

ጠያቂው አየ። ረጅም ሳል ሳለ። ከዚያ ካርዱን ከዝርዝሩ ጋር አስተያየ፤ ዕድሜውን፣ የእግሩን ልክ፣ ቀበሌውን በጣቱ ተከተለ። ቀበሌው ላይ ቆመ።

"ከሌላ ቀበሌ ነኝ አላልህም ነበር?"

"ብያለሁ። ስሜንም የክርስትናውን ነው የሰጠኋችሁ።" ቀና ብለው ቆሙ። "የኔን ስም እኔው እሰጣለሁ። የኔ ነው። የሌሎቹ ግን የኔም አይደለም፣ የሱም አይደለም፤ እሱን አትጠይቀው።"

ከዚያ የዓለም ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ። እዚህ አልጽፈውም።

ጠያቂው ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ። "ይቀመጡ" አላቸው፤ አንቱ ሲላቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዝርዝሩን አጥፎ ወደኔ ገፋው። ክፍሉ ውስጥ የሳሙና ሽታ ነበረ።

እኔና ሾፌሩ በማግስቱ ጠዋት ተለቀቅን። ሽማግሌውን ልጅህን አምጣ እያሉ ክረምቱን ሙሉ አቆዩአቸው። ልጁ አልተገኘም። ማመልከቻውም ቀኑ አለፈበት። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ጻፍሁት፤ በመሐሉ ላለፈው ጊዜ ግን ለሕመምተኞቹ ሳሙና የላከላቸው የለም።

አሁንም እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ፕሮጀክተሩ አሁንም አይነሣም። ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ለአዲሱ ጥናት ጥርባ አካባቢ ስንወጣ የስምምነቱን ቅጽ የማነበው እኔ ራሴ ነኝ፤ ማንም ሠርግ ባይሄድም። የሽማግሌው ቤት ስደርስ ደጃፋቸው ላይ በሳፋ ውሃ እግራቸውን እየታጠቡ አገኘኋቸው። ላግዝዎ ብል በእጃቸው ከለከሉኝ። ራሳቸው አጠቡ፣ ራሳቸው በጣቶቻቸው መሐል አደረቁ፣ ቅባት ቀቡ። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ።

"ያን ቀን ልትነግራቸው ነበር?" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

 "አላውቅም፣ አባቴ።"

"እኔም አላወቅሁም" አሉ። "በሩን የደበደብሁት ለዚያ ነው።"

ቂም የለበትም። የአየር ሁኔታ የሚነግሩኝ ያህል ነው የተናገሩት። ቅጹን አውጥቼ ላነብላቸው ስል "ተወው" አሉኝ። "ቁጥሬን ከዚያ ውስጥ አውጣልኝ። ስሜ አንድ ጊዜ ወጥቷል፤ ይበቃዋል።"

ምክንያት አይጠየቁም ይላል ቅጹ። አልጠየቅሁም። እፊታቸው ቁጥራቸው ላይ መስመር አሰመርሁና በጎኑ "በፈቃዱ አቋርጧል" ብዬ ጻፍሁ። ሳሙናውንና አዲሱን ጫማ ከመኪናው አውርጄ ደጃፋቸው ላይ አስቀመጥሁ፤ አገልግሎቱ አይጓደልብዎትም ብዬ አንብቤላቸው የለ። ጫማውን አንሥተው በልካቸው መሆኑን አዩና ወደ ውስጥ አስገቡት።