ባሕር ለማየት አንድ ልጅ መያዣ

ከየሺአረግ ቤት የሚወጣ ልብስ በአውራ ጣቷ ሳይዳበስ አይወጣም ነበር። ጠዋት ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ሲቆሙ የዩኒፎርማቸውን ስፌት ከአንገትጌው እስከ ጫፉ በጣቷ ትከተለዋለች፤ ቀጥላ የባሏን የካኪ ኮት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች የሚያያት ሰው ስፌት የምትመረምር ይመስለዋል። እሷ የምትፈልገው ግን ወረቀት ነው። በ1970 ዓ.ም. ወንድሟን ክፍሉን ከዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሲወስዱት፣ ሰበቡ ከኮቱ ገበር ውስጥ የወጣች መዳፍ የማትሞላ ወረቀት ነበረች። ክፍሉ አልተመለሰም። ወረቀቷ ምን ትል እንደነበር የነገራትም የለም።

ባሏ ዘገዬ የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። በየሳምንቱ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ስለ ባሕሩ ያወራል። ውሃው ጠዋት አንድ መልክ፣ ማታ ሌላ መልክ እንዳለው፣ ጀልባዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ዝንብ እንደሚያክሉ። ታላቋ ልጃቸው ወይንሸት አንደኛ ክፍል የገባች ዕለት፣ አንድ ቀን ሁላችሁንም ወስጄ አሳያችኋለሁ ብሎ ነበር። ወይንሸት አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት፤ ባሕሩ ወሬ እንደሆነ ቀረ።

በ1979 ዓ.ም. መስከረም ላይ ግን ዘገዬ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ ለሠራተኛ ቤተሰብ በዓመት አንዴ የሚሰጠው ነጻ ትኬት እስከ ጅቡቲ እንዲጻፍለት ማመልከቱን ተናገረ። ትምህርት ቤት በግማሽ ዓመት ሲዘጋ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ የዚያ አገር ሙቀት ጋብ ይላል። ጓደኛው ሰማታር ቤት አራት ቀን አርፈው፣ ልጆቹ ባሕር ገብተው ይመለሳሉ።

የሺአረግ ሁለት ቀን ተደሰተች። በሦስተኛው ቀን፣ ለምን አሁን፣ አለች በልቧ።

ከዚያ በኋላ ያላየችው ነገር አልነበረም። ጣራው ክረምት ሳይመጣ ይታደስ ስትለው፣ ቆይ ይደርሳል፣ አለ። ብስክሌቱን ለወንድሙ ሰጠ። አንድ ቀን ደግሞ ምሳ እየበላ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ጠየቃት። ለምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ እንዲያው ነው ብሎ ጉርሻውን ዋጠ። አሥራ አራት ዓመት ስትሠራበት ክብደቱን ጠይቋት አያውቅም።

ጎረቤቷ ፋዱማ መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ያየችውን ሳትናገር የማታድር ሴት ናት። የጉዞውን ነገር ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች።

«አቦ የሺ፣ የማይመለስ ሰው በምን እንደሚታወቅ ታውቂያለሽ? ትንሽ ሻንጣ ነው የሚይዘው። አንቺ ትልቁን ያዢ፣ እንዲያምኑሽ።»

የሺአረግ አልሳቀችም። ዘገዬ ያዘጋጀው ሻንጣ ትንሹ ነበር።

ከአገር መውጫ ፈቃዱ ከቀበሌ ደብዳቤ ይጀምራል። ደብዳቤው አራት ወር ፈጀ። በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በዛብህ ባልና ሚስቱን አስጠርተው፣ የማመልከቻውን ጠርዝ በእርሳስ እየመቱ፣ አገራችን ምጽዋና አሰብን የመሰለ ባሕር እያላት የሰው ባሕር ለምን አስፈለገ ብለው ጠየቁ። ዘገዬ ሐዲዱ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ ነው አለ። ጓድ በዛብህ መልሱን ወደዱትም ጠሉትም አያስታውቁም። ሱሪያቸውን የምታሳጥርላቸው የሺአረግ ናት፤ ያን ቀን ግን እንደማያውቋት ነበር የሚያዩዋት።

«ደብዳቤው ይጻፋል» አሉ። «አንድ ልጅ ግን እዚሁ ይቆያል። ትልቋ ትሁን።»

እቤት ሲደርሱ የሺአረግ ለወይንሸት ነጻ ትኬቱ ለአራት ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረቻት፤ እናት፣ አባት፣ ሁለቱ ትንንሾች። እሷ ፋዱማ ቤት ትቆያለች፤ አራት ቀን ምን አላት። ልጅቷ እየሰማች የጸጉሯን ጉንጉን ፈትታ እንደገና ጎነጎነች።

«እኔ መያዣ ነኝ?» አለች።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«የጓድ በዛብህ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ።»

የሺአረግ የጉንጉኑን ጫፍ አሰረችላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥርጣሬዋ አንድ ስም ያዘ። ዘገዬ ለመቅረት አስቦ ከሆነ፣ የምትጠፋው ወይንሸት ናት። የአጎቷን የክፍሉን መንገድ የምትሄደው እሷ ናት።

ለጉዞው ሦስት ቀን ሲቀር የዘገዬን የክት ኮት ስትዳብስ፣ ከጀርባው ገበር ሥር ጣቷን የሚገፋ ደረቅ ነገር አገኘች። ስፌቱ የወንድ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ተረተረችው። የሁለቱ ትንንሾች የክርስትና ወረቀት ወጣ። የወይንሸት የለም። ገበሩን እስከ ብብቱ ድረስ ፈታችው፤ የወይንሸት የለም።

ዘገዬ ሲገባ ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀችው። እሱም ቁጭ ብሎ አስረዳ። ደወሌ ላይ የድንበር ጠባቂዎቹ ልጆቹ የእናንተ መሆናቸውን በምን እናውቃለን ብለው ቤተሰብ ሲያጉላሉ በዓይኑ አይቷል፤ ባቡር ውስጥ ደግሞ ወረቀት ይሰረቃል። የወይንሸት የሌለው ወይንሸት ስለማትሄድ ነው።

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

«ካየሽ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ።»

«ስለደበቅከኝ እኮ ነው የምጠረጥረው።»

«ይኸው» አለ ዘገዬ፣ «ከዚህ የት ልድረስ?»

አላመነችውም። በማግስቱ ጉዞው ይቅር አለችው። ያን ጊዜ ነው የገቡበትን የተረዱት። ዘገዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የተፈቀደለትን ጉዞ የሚተው ሰው ምን አስቦ ነበር ተብሎ ይጠየቃል አለ። አራት ወር ለምነው፣ ዋስ ጠርተው፣ ልጅ መያዣ ለመተው እሺ ካሉ በኋላ አንሄድም ቢሉ፣ ጓድ በዛብህ ማን አስጠነቀቃቸው ይላሉ። መሄዱም ያስጠረጥራል፣ መቅረቱም። የሺአረግ ኮቱን እንደገና ሰፋችው፤ በራሷ ስፌት፣ ጥቅጥቅ አድርጋ፣ እንደነካችው እንዲያውቅ።

የሄዱ ዕለት ጠዋት ወይንሸት ባቡር ጣቢያው፣ ለገሃር ድረስ ሸኘቻቸው። አላለቀሰችም። የፋዱማን እጅ ይዛ፣ ባቡሩ ሲነሳ እናቷን እንጂ ሌላ ሰው አላየችም።

ደወሌ ላይ ጠባቂው እውነትም ወረቀት ጠየቀ። ዘገዬ ኮቱን አውልቆ በጥርሱ ሊተረትር ቢሞክር የሚስቱ ስፌት አልበጠስ አለው፤ የሺአረግ መቀሷን አውጥታ ሰጠችው። ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ አፈረች፤ ግን ጥርጣሬዋ ከዚያ ገበር ወጥቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ እንጂ አልለቀቃትም።

ጅቡቲ ላይ ሰማታርና ሚስቱ ኪንሲ ግቢያቸውን ለቀቁላቸው። ትንንሾቹ ውሃውን ቀምሰው ጨው ማን ጨመረበት ብለው ኪንሲን አሳቋት። ትንሹ ልጅ ማዕበሉ ሲመጣ እየሸሸ፣ ሲመለስ እየተከተለ ዋለ። የሺአረግ ግን ባሏን ነበር የምታየው። በሦስተኛው ቀን ዘገዬ ከሰማታር ጋር ማለዳ ወጥቶ እስከ ምሳ ጠፋ። እዚያ አገር ስደተኛ የሚመዘገብበት ቢሮ እንዳለ ፋዱማ ነግራታለች። ልጆቹን ለኪንሲ ትታ መንገድ ላይ ወጥታ ቆመች። ሲመጣ ባዶ እጁን ነበር፤ ላብ አጥምቆታል። ፊቷን አይቶ ሳትጠይቀው ተናገረ። የልብስ ስፌት መኪና ሊገዛላት ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ውሏል፤ ከአሮጌው የቀለለ፣ በባቡር ተሸክሞት ሊመጣ። ዋጋውን አልቻለውም።

የመጨረሻዋን ቀን ረፋድ ባሕሩ ዳር አሳለፉ። ከሰዓት በኋላ ተሳፈሩ፤ ጠዋት ድሬዳዋ ገቡ። ለገሃር ላይ ወይንሸት ከፋዱማ ጋር ቆማለች፤ ትንሽ ራቅ ብሎ የቀበሌው ጥበቃ። ጥበቃው የተመለሱትን በጣቱ ቆጥሮ ለጓድ በዛብህ ሊያሳውቅ ሄደ። ወይንሸት ትንንሾቹን ስማ፣ ሻንጣውን ከአባቷ ተቀብላ ከእናቷ ጎን ጎን ስትሄድ ቆየች። ወደ ሰፈራቸው ሲታጠፉ ነው የጠየቀችው።

«አባዬ ለመቅረት አስቦ ነበር?»

«አላሰበም» አለች የሺአረግ። ይህ እውነት ነበር።

«አንቺስ?»

«እኔ? ምን ነካሽ።»

ወይንሸት ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ስለዚህ የሺአረግ ይህን ሁሉ ተርካልኝ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ እንዳልጽፍ ለመነችኝ። በዚያች በመጨረሻዋ ረፋድ እግሯን ውሃው ውስጥ ዘርግታ እንደተቀመጠች፣ ኪንሲ እዚህ ልብስ ሰፊ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም፣ ከቤቴ ጀርባ አንዲት ባዶ ክፍል አለችኝ፣ ብላት ነበር። ዘገዬ ባቡሩ እንዳያመልጠን እያለ ሁለቴ ተጣርቷል። የሺአረግ አልሰማችውም። መኪናዋን ከመስኮቱ በየት በኩል እንደምታስቀምጥ፣ ደንበኛ በየትኛው በር እንደሚገባ እያሰበች ነበር። በሐሳቧ ክፍሏ ውስጥ ሁለት አልጋ አነጠፈች፤ አንዱን ለእሷና ለዘገዬ፣ አንዱን ለሁለቱ ትንንሾች። ለወይንሸት አላነጠፈችም።