ወደ ማይጨው የሚሄደው ሬጉላተር

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባትሪ የሚሞላ ሰው አለ። ካኪ ሱሪውን አሲድ በሳስቶታል፤ የሸሚዙ አንገትጌ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ዛሬ የፀሐይ ሰሌዳ ደጁ ላይ ዘርግቶ፣ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚጠብቀውን ሬጉላተር ለአንዲት ወጣት ነርስ ያሳያታል። ዕቃው ማይጨው አጠገብ ላለ ክሊኒክ ነው።

«መጀመሪያ ባትሪውን ታስሪያለሽ፤ ሰሌዳውን ቀጥሎ። ድገሚልኝ።»

«ጋሼ፣ ዳዊት እንኳ እንዲህ አልደገምኩም!»

«ሰሌዳውን ካስቀደምሽ ሬጉላተሩ ይቃጠልና ሴቶቹ በጨለማ ይወልዳሉ።»

«እንዲህ ከሰጉ መጥተው ይሥሩት እንጂ! በአጀብ ከሚሄደው የመኪኖች ኮንቮይ ጋር ነው የምንሄደው፤ መኪናው ላይ ቦታ አለ። አገርዎም አይደል?»

ካቻቪቴውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከከለከለው ዓመታት አልፈዋል፤ ከአዲስ አበባ ኬላ መውጣት አይችልም። ለምን እንደሆነ ሰፈርተኛው አይጠይቀውም።

«እናቴ ከክሊኒኩ ጀርባ ናት» አለ። «መብራቱ ሲበራ ጠርተሽ አሳያት። ልጅሽ ነው ያዘጋጀው በያት።»

«መቼ ይመጣል ካሉኝስ?»

«እግዚአብሔር ሲፈቅድ ይመጣል በያት። ቀን ብቻ እንዳትቆርጪላት። ቀን ከሰማች መንገድ ዳር ወጥታ ትቀመጣለች።»